ያለ ክለብ ብቻውን ለሚሠለጥን ታዳጊ ሯጭ

ዕድሜህ ከ15 እስከ 18 ከሆነ በሳምንት 5 ቀን ይበቃሃል። ሦስቱን ቀን ከ35 እስከ 45 ደቂቃ በዝግታ ሩጥ፤ እየሮጥክ ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል። ብቻውን የሚሠለጥን ልጅ በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ተው የሚለው ሰው ስለሌለ በየቀኑ ራሱን ይፈትናል።

ማክሰኞ 15 ደቂቃ አሟሙቀህ 400 ሜትር 6 ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ሶምሶማ። ስድስተኛው ከመጀመሪያው ከዘገየ አነሳስህ ፈጣን ነበር። እንጦጦ ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ስላለው ለዝግታ ሩጫ ይሁንህ፤ ለፍጥነት ዝቅ ወዳለው አቃቂ ውረድ። ቅዳሜ 60 ደቂቃ፣ በአፈር መንገድ።

የቅልጥምህን አጥንት በጣት ስትጫነው አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ካመመህ ሩጫውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል።