ፍልስፍናን፣ ሥነ-ምልክትን (የምልክቶችን ጥናት) እና ኮግኒቲቭ ሳይንስን (የአእምሮን አሠራር ጥናት) ያጣመረ የዶክትሬት ጥናት እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ ጥያቄ ይፈልጉ፤ ዘርፎቹ ይደርሳሉ። «ትርጉም ከሦስት አቅጣጫ ሲታይ» የሚል ሰፊ ርዕስ ይዞ የተነሳ ሰው ሦስት ረጃጅም መግቢያዎች ጽፎ ዋናው ሥራ ላይ ሳይደርስ ጊዜው ያልቅበታል።

ትንሽ ነገር ይያዙ። ሕፃን አንድ ዓመት ሊሞላው አካባቢ ጣቱን ወደ ዕቃ መቀሰር ይጀምራል። ፈላስፋው «ልጁ ሌላው ሰው እንዲረዳው አስቦ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ (1839–1914) ምልክቶችን አምሳያ (በመመሳሰል የሚወክል)፣ ጠቋሚ (ከነገሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ) እና ትእምርት (በልማድ የሚወክል) ብሎ ከፍሏቸዋል፤ የሥነ-ምልክት አጥኚው ከዚህ ተነስቶ፣ ጠቋሚ የሆነው ጣት ትእምርት ለሆነው ቃል መንገድ የሚጠርገው እንዴት እንደሆነ ይመረምራል። የኮግኒቲቭ ሳይንስ ሰው ደግሞ ይፈትናል፦ ጎልማሳው ዞር ብሎ ካላየ ልጁ እንደገና ይጠቁማል?

አሁን አንዱን ዘርፍ አውጥተው ይሞክሩት። ጥያቄው ምንም ካልጎደለው ያንን ዘርፍ ይተዉት። ሁለቱን በደንብ ማወቅ ሦስቱን ከመነካካት እጅግ ይሻላል።

ቀጥሎ የቃላት መፍቻ ያዘጋጁ። ይህን ሥራ ብዙዎች ይንቁታል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድመዋለሁ። «ምልክት» ለስዊሱ የቋንቋ ሊቅ ለፈርዲናንድ ደ ሶሲር ሁለት ገጽ አለው፦ አመልካቹ (የቃሉ ድምፅ) እና የሚመለከተው ሐሳብ። ለፐርስ ግን ምልክቱ፣ የሚወክለው ነገርና በተረጂው ዘንድ የሚፈጠረው ፍቺ ሦስቱም ያስፈልጋሉ። አብዛኛው የኮግኒቲቭ ሳይንስ ሰው «ውክልና» ሲል አእምሮ ውስጥ መረጃ የያዘ ሁኔታ ማለቱ ነው። በአንድ ምዕራፍ ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው ሳይታወቅዎ ካለፉ መከራከሪያዎ ይፈርሳል።

ከዚያ የሚመዘገቡበትን ትምህርት ክፍል ይምረጡ። ለሥነ-ምልክት ኤስቶንያ የሚገኘው ታርቱ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የሥነ-ምልክት ሊቁ ዩሪ ሎትማን የዘርፉን መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1964 የመሠረተው እዚያ ነው። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኮግኒቲቭ ሴሚዮቲክስን (ሥነ-ምልክትንና ኮግኒቲቭ ሳይንስን ያጣመረውን ዘርፍ) ራሱን ችሎ ያስተምራል። ዋና አማካሪዎን ከተመዘገቡበት ክፍል፣ ተባባሪውን ከሌላው ዘርፍ ይውሰዱ። ሁለቱ ባይስማሙ የማን ቃል እንደሚጸና ገና ሳይጀምሩ ይጠይቁ።

ሙከራ ካለበት ስታቲስቲክስ ከመጀመሪያው ዓመት ይማሩ። የሥነ-ምግባር ፈቃድም ቶሎ አይገኝም፤ ሕፃናት ካሉበት የወላጅ ስምምነት ይጨመራል።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባትዎ በፊት አንድ ገጽ አድርገው ከየዘርፉ ለአንድ አንድ ሰው ያስነብቡ። «ይህን ዓረፍተ ነገር የእኛ ሰው አይጽፈውም» የሚሉትን ያስምሩበትና እሱን ብቻ እንደገና ይጻፉ።