ትንሽ ጓሮ ካላችሁ ቄብ ዶሮ ያዙ

ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ጓሮ ያላችሁ፣ ሦስት አራት እንቁላል ጣይ ዶሮ ብትይዙ አትጸጸቱም። ልጆች ትኩስ እንቁላል ያገኛሉ። የጎመን ልቃሚና የእንጀራ ፍርፋሪም ሜዳ አይወድቅም። ግን ፍርፋሪ ብቻውን አይበቃም። የጣይ መኖ ግዙ፤ ለአንዷ በቀን 120 ግራም ገደማ ይበቃል።

አውራ አያስፈልግም። ሴቷ ያለ አውራም ትጥላለች፤ የማይኖረው ጫጩት ብቻ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተን ስለምንኖር ይሄ ለጎረቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ የ1 ቀን ጫጩት አትግዙ፤ ሙቀት ይፈልጋል፣ በቀላሉም ይሞታል። መጣል ልትጀምር የደረሰች ቄብ ይሻላል። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት የእንቁላል ዶሮ ዝርያዎች 5 ወር ገደማ ሲሞላቸው ይጥላሉ። ስትገዙ የፈንግል ክትባት መውሰዷን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ፈንግል ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል፣ መድኃኒትም የለውም።

ኩሱ ለጓሮ ጎመን ግሩም ነው። ትኩሱን ግን ሥሩ ላይ አታድርጉ፣ ያቃጥለዋል። ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅላችሁ ጥቂት ወራት ይብላላ። ማታ ማታ ደግሞ ቤታቸውን በደንብ ዝጉ፤ ድመትና ሸለምጥማጥ መሃል ከተማም አሉ።