ሽቦ ወይስ አላይነር? ጥርስ ለማስተካከል ላሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ቀናችሁን አስቡ። በተለይ ቡናውን።

አላይነር በጥርሳችሁ ልክ የሚሠራ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ይወልቃል፣ ብዙም አይታይም። ግን እንዲሠራ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ስትበሉ ታወልቁታላችሁ፣ ትኩስ ነገር ስትጠጡም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ሙቀት ቅርፁን ያበላሸዋል፣ ቡናም ያቀልመዋል። እንግዲህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ ቁጭ ብላችሁ፣ ከሰዓት ደግሞ ጫት ካለበት ሰዓቱ አይሞላም፤ ጥርሱም ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ከሆነ እኔ ሽቦውን እመርጥላችኋለሁ።

ሽቦ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ሌት ተቀን ይሠራል። በጣም ለተጣመመና ለዞረ ጥርስም ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ፈተናው ምግብ ነው፦ ቆሎና ሸንኮራ በጥርስ መግመጥ ይቅር፣ ይነቅለዋል። ከምግብ በኋላ በደንብ ካልተቦረሸም ጥርሱ ይበላሻል።

ቀጠሮውንም አስሉ። ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ይታያል። ሐኪማችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ትራንስፖርትና አልጋ ከሕክምናው ዋጋ ጋር ይደመር።

የተበላ ጥርስ ወይም የሚደማ ድድ ካለ መጀመሪያ እሱን አሳክሙ። ራጅ ሳትነሱ፣ ስፔሻሊስት ሳያያችሁ በኦንላይን አላይነር አትዘዙ፣ እባካችሁ። ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ ማቆያውን፣ ሪቴይነር የሚሉትን፣ ሐኪሙ ባለው መሠረት አድርጉ፤ ካልሆነ ጥርሱ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል።