ለምግብ ወዳጅ መጽሐፍ ስትገዙ

ምግብ ማብሰል ለሚወድ ሰው ለበዓል የምግብ አሠራር መጽሐፍ ልትሰጡ ከሆነ በሽፋኑ ፎቶ እንዳትሸወዱ። መሃሉን ክፈቱና አንዱን አሠራር እስከ መጨረሻው አንብቡት። መለኪያው በግራም ነው ወይስ በኩባያ? አንድ ኩባያ ዱቄት እንደ አሞላላችን ከ120 እስከ 150 ግራም ሊመዝን ስለሚችል፣ ኬክ ለሚጋግር ሰው በግራም የተጻፈው ይሻላል። ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ እየታጠፈ በራሱ የሚከደን ከሆነ እጁ ሊጥ ለነካ ሰው ጣጣ ነው። መብላት እንጂ ማብሰል የማይወደውስ? ለሱ ስለ ምግብና ስለ ሰው የሚያወራ፣ ፈገግ የሚያሰኝ ትረካ ስጡት። የአሠራር መጽሐፍ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ገጽ 42ን ስትሠራ ጥራኝ» ብላችሁ ጻፉበት፣ እኔ በዚህ ዘዴ ሁለቴ በልቻለሁ።