የኮሌጅ ዜና እንዴት ይጻፍ? በጀት፣ ስምምነት፣ ግንባታና የሠራተኛ ዕውቅና

በደሴና በኮምቦልቻ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዓመቱን ሙሉ የሚያወጡት ዜና በአብዛኛው በአራት ጉዳዮች ዙሪያ ነው፤ በጀት ጸደቀ፣ ከፋብሪካ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ የወርክሾፕ ግንባታ ተጀመረ፣ የላቀ አፈጻጸም ላሳዩ ሠራተኞች ዕውቅና ተሰጠ። ዜናውን የሚያነቡት ልጃቸውን ከወረኢሉ ወይም ከሐይቅ ልከው የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ወላጆች፣ የትብብር ሥልጠና፣ ማለትም በፋብሪካ ውስጥ የሚደረግ ልምምድ፣ ቦታ የሚጠባበቁ ሠልጣኞች፣ ብየዳ ወይም ልብስ ስፌት የሚያውቅ ሰው የሚፈልጉ ቀጣሪዎች፣ እንዲሁም የኮሌጁ አሠልጣኞች ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ለሠልጣኙ ምን ለወጠለት? አብዛኛው የኮሌጅ ዜና ከመድረክ ንግግር ተቀድቶ ስለሚጻፍ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይህ መመሪያ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎችና የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ከሰነድ ተነሥተው እንዲጽፉ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

አስቀድሞ ሰነዱን መያዝ

ለበጀት ዜና የጸደቀው የበጀት ድልድልና የመጨረሻው የሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርት፣ ለስምምነት ዜና የተፈረመው ሰነድ ሙሉ ቅጂ፣ ለግንባታ ዜና የሥራ ውሉና የአማካሪ መሐንዲሱ የቅርብ ጊዜ ሪፖርት፣ ለዕውቅና ዜና ደግሞ የመምረጫ መስፈርቱና የመራጭ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋሉ። እነዚህን ሳይዝ መጻፍ የጀመረ ሰው የሚጽፈው የሰማውን ነው፤ የሰማውም በተናጋሪው ፍላጎት የተመረጠ ነው።

ሰነዱ ያለበት ክፍል ለመስጠት ቢያመነታ፣ ጥያቄው የውለታ ጉዳይ አለመሆኑን በትሕትና ማስረዳት ይገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጎ፣ ምላሹ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ ያዛል። እርግጥ ነው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ባልደረቦች ነገሩን ወደ አዋጅ ሳያደርሱ በመግባባት ቢጨርሱት ይመረጣል፤ የፋይናንስ ክፍሉን ባለሙያ በሪፖርት ማስገቢያ ሳምንት አለማስጨነቅም ብዙ ነገር ያቃልላል።

በጀት

ከአራቱ ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የበጀት ዜና ነው። የመጀመሪያው መሰናክል ዘመኑ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ስለሚፈጸም፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሚገኘው በ2018 በጀት ዓመት ውስጥ ነው። «በ2017 የተገዛ ማሽን» ተብሎ ሲጻፍ አንባቢው የቱን ዓመት እንደሚይዝ አያውቅም። ስለዚህ «በ2018 በጀት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ባለው ጊዜ» ብሎ አንድ ጊዜ በሙሉ መግለጽ፣ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር ጠቅላላውን ገንዘብ መበተን ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮሌጅ 50 ሚሊዮን ብር ተመድቦለታል እንበል። ቁጥሩ ለብቻው ሲነገር ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 38 ሚሊዮኑ ለደመወዝ፣ 7 ሚሊዮኑ ለሥራ ማስኬጃ፣ 5 ሚሊዮኑ ለካፒታል ወጪ (ለግንባታና ለማሽን ግዥ) ከሆነ፣ ሠልጣኙን በየዕለቱ የሚነካው ሥራ ማስኬጃው ነው፤ የብየዳ ኤሌክትሮድ፣ ክርና ጨርቅ፣ ነዳጅ፣ ወረቀትና ሌሎች አላቂ ዕቃዎች የሚገዙት ከዚህ ነውና። ኮሌጁ 2,000 ሠልጣኞች ካሉት ለአንዱ ሠልጣኝ በዓመት የሚደርሰው 3,500 ብር ነው። ይህ አንድ ስሌት ከሙሉ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ለወላጅ ይገባል፤ የኤሌክትሮድ ዋጋ የሚያውቅ ወላጅ ልጁ በዓመት ስንት ጊዜ ብረት ሊበይድ እንደሚችል ራሱ ሊገምት ይችላል።

ሦስተኛው፣ የጸደቀ ገንዘብና ሥራ ላይ የዋለ ገንዘብ አንድ አለመሆናቸው ነው። በጀት በመጀመሪያ ይጸድቃል፣ ቀጥሎ በየጊዜው ይለቀቃል፣ በመካከሉ ከአንዱ የወጪ ርእስ ወደ ሌላው ሊዛወር ይችላል፣ በመጨረሻም ሥራ ላይ ይውላል ወይም ሳይውል ዓመቱ ያልቃል። ዜናው ገንዘቡ ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንዳለ በግልጽ መናገር አለበት። በሐምሌ «ኮሌጁ አዳዲስ ማሽኖችን ሊገዛ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው በጥር ወር ግዥው የት እንደደረሰ የመጻፍ ግዴታ አለበት፤ ምናልባትም ከሁሉም የላቀው አገልግሎቱ ይህ ሁለተኛው ዜና ነው። የሰኔ ወር ደግሞ የተለየ ትኩረት ይሻል፤ በጀቱ እንዳይመለስ ሲባል የሚጣደፍ ግዥ ሠልጣኙ ከሚፈልገው ዕቃ ይልቅ በቶሎ የሚገኘውን ያስገዛልና።

ከመንግሥት ከሚመደበው በተጨማሪ ኮሌጆች በወርክሾፕ አምርተው ከሚሸጡት ዕቃ፣ ከአጫጭር ሥልጠናዎችና ከማታ መርሐ ግብር ክፍያ የውስጥ ገቢ ያገኛሉ። ይህን ከተመደበው በጀት ጋር ቀላቅሎ አንድ ድምር ማቅረብ ትክክል አይደለም። የውስጥ ገቢ ሠልጣኞችና አሠልጣኞች በእጃቸው ያመጡት ስለሆነ ራሱን የቻለ ዜና ይገባዋል።

ካለፈው ዓመት ጋር ማነጻጸር ሲያስፈልግ የዋጋን ለውጥ መርሳት አይገባም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሥልጠና ማሽን በብር ሲሰላ ዋጋው እጅግ ጨምሯል። ስለዚህ የካፒታል በጀቱ በ20 በመቶ ቢያድግም በገንዘቡ የሚገዛው ማሽን ቁጥር ሊቀንስ ይችላል። «በጀቱ አደገ» ከማለት በፊት የግዥ ክፍሉን «ባለፈው ዓመት ይህ ማሽን ስንት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስምምነትና አጋርነት

ኮምቦልቻ ለሙያ ሥልጠና የታደለች ከተማ ናት። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ወደቡና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአንድ ከተማ ይገኛሉ። ስለዚህ የመግባቢያ ሰነድ መፈረም በራሱ ብርቅ ዜና አይደለም፤ ዜናው በሰነዱ ውስጥ የተጻፈው ግዴታ ነው። ጸሐፊው ሰነዱን አንብቦ ስንት ሠልጣኝ፣ በየትኛው ሙያና ደረጃ፣ ለስንት ሳምንት ወደ ፋብሪካው እንደሚገባ ፈልጎ ማውጣት አለበት። የደኅንነት ጫማና ጓንት ማን ያቀርባል? ሠልጣኙ በማሽን ቢጎዳ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት በመሆኑ፣ በየቀኑ የሚመላለስ የደሴ ልጅ የትራንስፖርት ወጪው በማን ላይ ነው? ስምምነቱ ስለ ምዘናስ ምን ይላል፤ ሠልጣኙ በፋብሪካው ማሽን የተለማመደው ለሙያ ብቃት ምዘና ከሚጠየቀው ጋር ይጣጣማል? ሰነዱ በእነዚህ ላይ ዝም ካለ ዝምታው ራሱ መጻፍ አለበት፤ «ሰነዱ የትራንስፖርት ወጪን አይጠቅስም» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ማንንም ሳይነቅፍ ሁሉንም ያሳውቃል።

አጋሩ የውጭ ድርጅት ከሆነ ቀኖቹን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ መጻፍ፣ የገንዘቡንም መጠን በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደተሰላ መግለጽ ይገባል። ማሽን በስጦታ ተሰጠ ከተባለም ርክክቡን በፎቶ ብቻ አለማመን ነው። ዕቃው በሞዴል 19 ወደ ግምጃ ቤት ገቢ መሆኑን፣ ከዚያም በሞዴል 22 ወጥቶ ወርክሾፕ መግባቱን የንብረት ክፍሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሣጥን ታሽጎ በመጋዘን የተቀመጠ ማሽን እስካሁን ማንንም አላሠለጠነም።

ግንባታ

የግንባታ ዜና መሠረት ሲጣልና ሪባን ሲቆረጥ ብቻ መጻፉ ልማድ ሆኗል፤ አንባቢው መረጃ የሚያስፈልገው ግን በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ነው። ውሉ ውስጥ ባለቤቱ፣ አማካሪውና ተቋራጩ እነማን እንደሆኑ፣ የውሉ ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆን አለመሆኑ፣ የተጀመረበትና የሚያልቅበት ቀን ተለይቶ ይወሰድ። ሕንፃውን ሲገልጹ «ጂ ፕላስ ሁለት» ብሎ መተው ብዙ ሰው ሁለት ፎቅ እንዲመስለው ስለሚያደርግ፣ ምድር ቤቱን ጨምሮ ባለ ሦስት ወለል መሆኑን መጻፍ፣ ከዚያም በላይ ስንት የመማሪያ ክፍልና ስንት ወርክሾፕ እንደሚይዝ መናገር ይሻላል።

«ግንባታው 60 በመቶ ደርሷል» የሚል ዜና ሁልጊዜ ሊጠረጠር ይገባዋል። የአካላዊ ሥራው አፈጻጸምና የተከፈለው ገንዘብ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ መሬት ላይ ገና መሠረት ብቻ ሊኖር ይችላል፤ በተቃራኒው ሥራው ገፍቶ ክፍያ የዘገየበትም አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከቀረቡ አንባቢው የመዘግየቱን ምክንያት ይረዳል። መጠናቀቅም ሁለት ደረጃ አለው፤ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ሕንፃው ለአገልግሎት ይከፈታል፤ የመጨረሻው ርክክብ የሚፈጸመው ግን ተቋራጩ ጉድለቶችን የሚያርምበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በጊዜያዊ ርክክብ ወቅት የተመዘገቡ ጉድለቶች ካሉ ዜናው ቢጠቅሳቸው ለማረም ይረዳል እንጂ አይጎዳም።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ በመሆኗ፣ የድጋፍ ግንብና የጎርፍ ማፋሰሻ ሥራ ለሕንፃው ጌጥ አይደለም። አንድ የግንባታ ዜና ስለ ቀለምና ስለ መስኮት ጽፎ ስለ አፈር ምርመራና ስለ ማፋሰሻ ካልጻፈ ዋናውን ትቷል ማለት ነው። ክረምቱም በሥራ መርሐ ግብሩ ውስጥ ታስቦ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዝናብ በየዓመቱ የሚመጣ ስለሆነ ያልታሰበ ምክንያት ተደርጎ ሊቀርብ አይችልም።

በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ የጦርነት አካባቢ በነበሩበት ወቅት ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርካታ የትምህርት ተቋማት ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች የግንባታ ዜና ጥገናን፣ የወደመውን መልሶ መገንባትንና ፈጽሞ አዲስ ግንባታን ለይቶ መጻፍ አለበት። የተሰባበረ ወርክሾፕ ወደ ነበረበት መመለሱ ትልቅ ሥራ ነው፤ አዲስ ወርክሾፕ ግን አይደለም፤ የቅበላ አቅምንም ከቀድሞው በላይ አያሳድግም።

ዕውቅና

የሠራተኛ ዕውቅና ዜና ብዙ ጊዜ የስም ዝርዝርና አንድ የቡድን ፎቶ ሆኖ ያልቃል። ይህ እጅግ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከአራቱ ጉዳዮች ሰው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። «በላቀ አፈጻጸም» የሚለው ሐረግ ለሁሉም ስለሚነገር ለማንም አይሆንም። በእሱ ምትክ የተሠራውን ሥራ መጻፍ ነው፤ አሠልጣኙ ቆሞ የነበረውን የጣውላ መሰንጠቂያ ማሽን ከወዳደቁ መለዋወጫዎች አስነሥቶት ከሆነ፣ ማሽኑ ለስንት ጊዜ ቆሞ እንደነበረና ዛሬ ስንት ሠልጣኝ እንደሚለማመድበት ይገለጽ። ግምጃ ቤት ጠባቂዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የጽዳት ሠራተኞች ከተሸላሚዎቹ መካከል ሲኖሩ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ መደርደራቸው የተለመደ ቢሆንም ተገቢ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ በፊደል ተራ ቢሆን ማንም ቅር አይለውም።

ደሴ የሰውን ስም በተቋም ላይ ማቆየት የምታውቅ ከተማ ናት። የወይዘሮ ስህን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚጠራው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። የአንድ ብየዳ አሠልጣኝ ስም በሕንፃ ላይ ባይጻፍም፣ በተጠነቀቀ ዜና ውስጥ በሥራው ምክንያት መቀመጡ ለልጆቹም ለሙያውም ክብር ነው። ስሙን እስከ አያት አጣርቶ፣ ፊደሉን ራሱ ባለቤቱ እንደሚጽፈው መጻፍ፣ ፎቶውንና የግል ታሪኩን ከማውጣት በፊት ፈቃዱን መጠየቅ፣ የደመወዝ መጠኑን ወይም የጤና ሁኔታውን አለማንሣት ግዴታ ነው። መስፈርቱና የመረጠው አካልም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፤ ያልተመረጡት ሠራተኞች ዜናውን የሚያነቡት ከሁሉም በላይ ይህን ለማወቅ ነው።

ከመውጣቱ በፊት

የተጠናቀቀው ጽሑፍ ቁጥሮቹን እንዲያረጋግጥ ለሚመለከተው ክፍል ይላክ፤ የሚጠየቀው ግን ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ብቻ እንጂ ጽሑፉን እንዲያሳምረው አይደለም። ርእሱ ከተለወጠው ነገር ይጀምር፤ የእንግዶች ማዕረግና ስም ወደ ታች ይውረድ። በቴሌግራም የወጣው ዜና በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ፤ ዳታ የሌለው ሠልጣኝ ብዙ ነውና። ስሕተት ከተገኘ የቀድሞውን ጽሑፍ በዝምታ ከማጥፋት ይልቅ፣ የታረመው ቁጥርና የታረመበት ቀን ከዜናው ሥር ተጽፎ ሁለቱም እንዲነበቡ ይደረግ።