የገበያ ቀናትን በቢት መያዝ፦ ሎጂክ በቁጥር ላይና ኦፕሬተር ኦቨርሎዲንግ

የባቲ ገበያ ሰኞ መሆኑን ወሎ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በየገበያው ለሚዞር ነጋዴ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ይህንኑ ለኮምፒውተሩ በቁጥር ማስቀመጥ አለበት። ቀላሉ መንገድ ሰባቱን የሳምንት ቀናት በአንድ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሰባት ቢቶች፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ ሰባት ቦታዎች፣ መያዝ ነው፤ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ 2፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 8፣ ዓርብ 16፣ ቅዳሜ 32፣ እሑድ 64 ሲሆኑ ሙሉው ሳምንት 127 ይሆናል። በዚህ ስሌት ሰኞና ሐሙስ የሚነግድ ሰው ቁጥሩ 9 ነው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የምትሠራ የጭነት መኪና ደግሞ ቁጥሯ 34 ነው።

አሁን ነጋዴውና መኪናዋ የሚገናኙበት ቀን አለ ወይ ብለን እንጠይቅ። በፓይተን ቋንቋ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የሚጋሩትን ቢት ብቻ በሚያስቀረው ምልክት፣ 9 & 34 ብለን ብንጽፍ መልሱ 0 ነው፤ የጋራ ቢት ስለሌላቸው ትክክል ነው። በ& ፈንታ «ኤንድ» የሚለውን ቃል ከተጠቀምን ግን መልሱ 34 ይሆናል። ምክንያቱም ኤንድ ቢቶቹን አያይም፤ በግራው ያለው ዋጋ እንደ ሐሰት የሚቆጠር ከሆነ እርሱኑ፣ ካልሆነ የቀኙን ይመልሳል፤ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ደግሞ እንደ እውነት ይቆጠራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፈጽሞ የማይገናኙትን ሁለቱን «ይገናኛሉ» ይላል፤ የስሕተት መልእክትም አያወጣም። በሲ ቋንቋም የኤንድ አቻ የሆነውን && ብንጽፍ ውጤቱ 1፣ ማለትም እውነት ነው። ጃቫ && በቁጥሮች ላይ እንዲውል ስለማይፈቅድ ኮዱን ገና ከመነሻው አይቀበለውም፤ በዚህ ረገድ የጃቫን ጥብቅነት እመርጣለሁ።

መደመርም እንደዚሁ ያሳስታል። 9 በሆነው የነጋዴው መርሐ ግብር ላይ ሰኞን ለመጨመር 9 + 1 ብንል 10 ይመጣል፤ 10 ደግሞ 2 እና 8 ስለሆነ ነጋዴው ከባቲ ቀርቶ ማክሰኞና ሐሙስ የሚነግድ ሰው ይሆናል። ከሁለቱ በአንዱ ያለውን ቢት ሁሉ የሚይዘው 9 | 1 ግን 9 ሆኖ ይቀራል፤ ሰኞ ቀድሞውኑ ስለነበረ የሚለወጥ ነገር የለም። የማይነግድባቸውን ቀናት ቢቶቹን በሚገለብጠው ~9 ስንፈልግ ደግሞ -10 እናገኛለን፤ ፓይተን ኢንቲጀርን በሰባት ቢት ብቻ ስለማይወስነው ውጤቱን ከ127 ጋር በ& ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ 118 ይገኛል።

እነዚህን ጥንቃቄዎች በየመስመሩ ከመደጋገም አንድ ክላስ (የራሳችን የዋጋ ዓይነት) ጽፎ ኦፕሬተሮቹን በውስጡ ኦቨርሎድ ማድረግ፣ ማለትም ምልክቶቹ በዚያ ክላስ ላይ ምን እንደሚሠሩ ራሳችን መወሰን፣ ይሻላል። ክላሱ በውስጡ ቁጥሩን ይይዛል፤ ለ&፣ ለ| እና ለ~ በፓይተን የተመደቡት፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያላቸው ሜተዶች (በክላሱ ውስጥ የሚጻፉ ተግባራት) ይጻፉለታል። እያንዳንዱ ሜተድ ተራ ቁጥር ሳይሆን የዚያው ክላስ አዲስ ኦብጀክት (በክላሱ የተሠራ ዋጋ) ይመልስ፤ የ~ ሜተድ በ127 መወሰኑንም በውስጡ ይጨርስ። ከሌላ ዓይነት ጋር ሲገጥም ደግሞ «ኖት ኢምፕሊመንትድ» የተባለውን ዋጋ ይመልስ፤ ፓይተን የሌላውን ወገን ሜተድ ከሞከረ በኋላ መፍትሔ ካላገኘ ራሱ ታይፕ ኤረር (የዓይነት ስሕተት) ያወጣል። ለ+ ሜተድ አይጻፍለት። ቀናት አይደመሩምና፣ የማይሠራው ኦፕሬተር እንደሚሠራው ሁሉ ተጠቃሚውን ይጠብቀዋል። ፓይተን 3 የግዕዝ ፊደልን በስም ውስጥ ስለሚቀበል «ነጋዴ & መኪና» የሚለው መስመር እንዳለ የሚሠራ ኮድ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን እዚህ ላይ ነው። & በትክክል ተጽፎ፣ ውጤቱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ሁኔታን በሚፈትሸው ኢፍ ውስጥ «ነጋዴ & መኪና» ሁልጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ክላስ እውነትነቱን ወይም ርዝመቱን የሚናገር ሜተድ ከሌለው ፓይተን ኦብጀክቱን ሁሉ እንደ እውነት ይቆጥረዋል፤ በውስጡ የያዘው ቁጥር 0 መሆኑን አይመለከትም። ስለዚህ እውነትነቱን የሚናገረው የቡሊያን ሜተድ ቁጥሩ 0 ሲሆን ሐሰት እንዲመልስ ተደርጎ ከ& ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። ለ== ሜተድ የጻፈ ሰውም ለኦብጀክቱ መለያ ቁጥር የሚሰጠውን የሃሽ ሜተድ አብሮ ካልጻፈ ኦብጀክቱ የዲክሽነሪ (ዋጋን በቁልፍ የሚያስቀምጥ መዝገብ) ቁልፍ መሆን አይችልም።

ኦቨርሎዲንግ የኦፕሬተሮችን ቅደም ተከተል አይለውጥም። 6 & 2 == 2 የሚለው መስመር ማክሰኞና ረቡዕ ከያዘው 6 ውስጥ ማክሰኞ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ፓይተን & ን አስቀድሞ ስለሚሠራ እውነት ይላል፤ ሲ ግን == ን ስለሚያስቀድም 6 & 1 ሆኖበት 0 ይመልሳል። በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ቅንፍ ማድረግ ነው።

ኤንድ እና ኦር በፓይተን ኦቨርሎድ አይደረጉም፤ ይህን ለመፍቀድ የቀረበው የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ፣ ፔፕ 335፣ በ2012 ውድቅ ተደርጓል። ሲ ፕላስ ፕላስ && ን ኦቨርሎድ ማድረግን ቢፈቅድም፣ የግራው ሐሰት ሲሆን ቀኙን ሳይነኩ የማለፉ ጠባይ ይጠፋና ሁለቱም ወገኖች ይሰላሉ፤ በኔ እምነት ባይነካ ይመረጣል። ፍላጎቱ ከቀናት ዝርዝር ያላለፈ ሰው ደግሞ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ በኢነም ሞጁል ውስጥ ለዚሁ ዓይነት ሥራ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን «ፍላግ» የተባለ ክላስ ይጠቀም።

የራሱን ክላስ የሚጽፍ ሰው ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት እነዚህን ይፈትሽ፤ «ነጋዴ & መኪና» በኢፍ ውስጥ ሐሰት ይሁን፤ «(ነጋዴ | ሰኞ) == ነጋዴ» እውነት ይሁን፤ «~~ነጋዴ» ከነጋዴ ጋር እኩል ይሁን፤ «ነጋዴ + ሰኞ» እና «ነጋዴ & 34» ደግሞ ታይፕ ኤረር ያውጡ።