የጡት ካንሰር ሴል ሰርጎ መግባትና ቲጂኤፍ-ቤታ፦ ላብራቶሪ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአቃቂ ወጣ ብሎ ባለው ላብራቶሪያችን የመመረቂያ ሥራቸውን ከሚሠሩት ልጆች ብዙዎቹ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ፕሮቲን፣ ቲጂኤፍ-ቤታን ይመርጣሉ። አይፈረድባቸውም። ዕጢው ገና ሲጀምር ሴሎቹ እንዳይባዙ የሚገታው ይኸው ፕሮቲን፣ በሽታው ሲገፋ እነዚያኑ ሴሎች ከአጠገባቸው ካሉት ተላቀው ወደ ሌላ አካል ሰርገው እንዲገቡ ይገፋፋል። ይህን በዓይኑ ለማየት የማይጓጓ ተማሪ የለም። የሚሠሩት ስህተት ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ የሚባክነው ሬኤጀንትም ልፋትም ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የከፋው ያለፉትን ሴሎች ቆጥሮ «ሰርገው ገቡ» ማለት ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፦ ባለ 8 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ማጣሪያ ማትሪጄል (ሴሎች በሰውነት ውስጥ የሚያርፉበትን ንጣፍ የሚመስል ጄል) ይቀባል፣ ሴሎቹ ከላይ ይደረጋሉ፣ ከታች ሴረም (ከደም የሚወጣ ፈሳሽ) ያለው ሚዲያ፣ ማለትም የሴል ምግብ፣ ይቀመጣል፣ በማግስቱ ወደ ታች ያለፉት ቀለም ተቀብተው ይቆጠራሉ። ቲጂኤፍ-ቤታ ያገኙት እጥፍ ሆነው ሲገኙ ደስታ ነው። ግን ለምን እጥፍ ሆኑ? ጄሉን አፍርሰው ስላለፉ ሊሆን ይችላል። ፈጥነው ስለሚንቀሳቀሱም ሊሆን ይችላል። ወይም ከላይ በሕይወት የቆዩት ስለበዙ ብቻ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳይለዩ የሚጻፍ መደምደሚያ ዋጋ የለውም። ማትሪጄል ያልተቀባ ማጣሪያ በዚያው ቀን ጎን ለጎን ይሠራ፤ እንቅስቃሴውን ከሰርጎ መግባቱ የሚለይላችሁ እሱ ነው። በሌላ ሳህን ላይ ደግሞ ያንኑ ያህል ሴል ዘርታችሁ በዚያው ሰዓት በሕይወት ያለውን ቁጠሩ። ቲጂኤፍ-ቤታ የብዙ ሴሎችን መባዛት ስለሚያዘገይ፣ ይህ ቆጠራ ከሌለ እውነተኛው ለውጥ ራሱ ሊደበቅ ይችላል።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ቲጂኤፍ-ቤታ ሴሉ ላይ የሚያርፍበትን ተቀባይ በኤስአይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ሥራ በሚያጠፋ አጭር አርኤንኤ) አጥፍታ ያለፉት ሴሎች በግማሽ ቀነሱላት። መደምደሚያውን ጽፋ መጣች። «ከላይ የቀሩትንስ ቆጥረሻል?» አልኳት። «አይ ዶክተር፣ ያለፉትን ብቻ ነው» አለች። አብረን ደግመን ስንሠራው ግማሾቹ ሴሎች ከላይ ሞተው አገኘን፤ የገደላቸው ኤስአይአርኤንኤውን ወደ ሴል የሚያስገባው ሬኤጀንት ነበር። ከቀሩት መካከል ያለፉት በድርሻ ሲሰሉ ከኮንትሮሉ (ከማነጻጸሪያው ቡድን) አይለዩም። ያን ቀን ከላብራቶሪ የወጣችበት ፊት አሁንም ይታየኛል። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምጮኸው። ደግሞም አንድ ኤስአይአርኤንኤ አይበቃም፤ የተለያየ ቦታ የሚመቱ ሁለት ይሁኑ።

«ምንም ያልተሰጠው» የምትሉት ኮንትሮል ምንም ያልተሰጠው አይደለም። ሴረም ውስጥ ቲጂኤፍ-ቤታ አለ፤ አብዛኛው ገና ያልነቃ ቢሆንም አለ። ማትሪጄልም ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ስለሆነ የራሱን ይዞ ይመጣል። የእድገት ፋክተሮቹ የተቀነሱለትን ዓይነት ግዙ፣ ሴሎቹን አስቀድማችሁ ያለ ሴረም አቆዩ፣ ኤስቢ-431542 የተባለውን የተቀባዩን ማገጃ የሚያገኝ ሦስተኛ ቡድንም ጨምሩ። ማገጃው ኮንትሮሉን ራሱን ካወረደው፣ ሳትሰጡት ቲጂኤፍ-ቤታ ሲቀበል ነበር ማለት ነው።

ሴላችሁን እወቁ። ኤምዲኤ-ኤምቢ-468 የተባለው የጡት ካንሰር ሴል ስማድ-4 የለውም (ስማዶች የቲጂኤፍ-ቤታን መልእክት ወደ ሴሉ ኒውክለስ የሚያደርሱ ፕሮቲኖች ናቸው)፤ በስማድ መንገድ የሚመጣን ምላሽ ከእሱ መጠበቅ ከንቱ ነው። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ብዙ ተጽፎበታል፤ በኋላ የቆዳ ካንሰር፣ የሜላኖማ ሴል መሆኑ ታወቀ። ሴሎችን ሳይታይ የሚበክለው ባክቴሪያ፣ ማይኮፕላዝማም ይመርመር።

ስለ ከፍታችን የሚያስብ ሰው ግን አላገኘሁም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሴሎቹ የሚያድጉበትን ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ስታደርጉት ሚዲያው ውስጥ የሚሟሟው ጋዝም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚዲያው ቀይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ሴል የሚንቀሳቀስበት ሁኔታም ጄሉን የሚያፈርሱት ኢንዛይሞችም በፒኤች ይለወጣሉ። የባሕር ዳርቻውን ያህል ለማግኘት ከ6 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ሚዲያውን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራችሁ በፒኤች ሜትር ለኩት፤ የስክሪኑን ቁጥር ብቻ አትመኑ። በዚሁ ከፍታ ውሃ ከ95 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፣ የዌስተርን ብሎት (ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ናሙና የሚሞቀው በሂት ብሎክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ቱቦ ማሞቂያ እንጂ በፈላ ውሃ አይደለም።

የቲጂኤፍ-ቤታን ዱቄት በባዶ ውሃ አታሟሙ፤ አልቡሚን ባለበት ቀጭን አሲድ ካልሆነ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀራል።

ፎስፎ-ስማድ-2ን፣ ማለትም ፎስፌት ተጨምሮለት የነቃውን ስማድ-2፣ የምታዩ ከሆነ ቲጂኤፍ-ቤታ ከሰጣችሁ በኋላ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሴሉን አንሡ፣ ፎስፌቱ እንዳይወልቅ የፎስፋታዝ ማገጃ ጨምሩ፣ ጠቅላላውንም ስማድ-2 አሳዩ።

ማትሪጄል ሲሞቅ ስለሚረጋ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ በበረዶ ላይ ይቅለጥ፤ የፒፔቱ ጫፍም ይቀዝቅዝ። እኛ ሰፈር መብራት ሌሊት ይሄዳል፣ ስለዚህ ጠርሙሱን በረዶ በሞላው የስታይሮፎም ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ሳጥኑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ቀድሞ መርጋት የጀመረ ጄል ማጣሪያው ላይ ወጥ ሆኖ አይነጠፍም፤ ሴሎቹም በስሱ ቦታ በኩል ያልፋሉ።

በመጨረሻ የማርመው ርዕሱን ነው። ኤምዲኤ-ኤምቢ-231 በተባለው ሴል ላይ ብቻ ተሠርቶ «በኢትዮጵያውያን ሴቶች የጡት ካንሰር» የሚል ርዕስ አልቀበልም። ይህ ሴል የኤስትሮጅን ተቀባይ የለውም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የተጠኑት ታካሚዎች ግን አብዛኞቹ አላቸው። ርዕሱ ላይ የሴሉን ስም ጻፉ፤ ተቀባዩ ስላላቸው ዕጢዎች መናገር ከፈለጋችሁ ተቀባዩ ያላቸውን ሴሎች ኤምሲኤፍ-7ን ወይም ቲ-47ዲን ከመጀመሪያው በዕቅዳችሁ አስገቡ።